ምንም የማይደርስበት መርከብ

«የቴሌማርክ ቦይ፣ ደቂቃ በደቂቃ» የተሰኘው የኖርዌይ ቴሌቪዥን ሥራ ታሪኩ ባንድ ትንፋሽ ይነገራል። በ1882 የተሠራች «ቪክቶሪያ» የምትባል የመንገደኛ መርከብ ከሺየን ከተማ ትነሣለች፤ በቦይና በሐይቅ ላይ 105 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ዳለን የምትባል መንደር ትደርሳለች። አለቀ። የሚሰምጥ የለም፤ የሚሳደድ የለም፤ የተሰወረ ምስጢር በመጨረሻው ሰዓት አይገለጥም። ግማሽ ቀን ገደማ ውኃው ይሰነጠቃል፣ የጥድ ደን ያልፋል፣ በዳር ያለ ቤት ይቀርብና ይርቃል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አማርኛ ለዚህ ሥራ ሳያስበው ያዘጋጀው አንድ ግሥ አለ፦ ደረሰ። መርከቧ ዳለን ደረሰች። በመርከቧ ላይ ምንም አልደረሰም። መጽሐፍ የጻፈ ሰውም ደረሰ ይባላል፤ ደራሲና ድርሰት ከዚያው የወጡ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ መርከብ የሚደርስበት፣ ነገር ግን ምንም የማይደርስበት ሥራ ድርሰት ሊሆን ይችላል ወይ? ከሆነስ ምንም አለመድረሱን የደረሰው ማን ነው?

ሥራው በ2012 የተላለፈው ዋና መሥሪያ ቤቱ ኦስሎ፣ ማሪየንሊስት ሰፈር በሆነው ኤን አር ኮ በተባለው የሕዝብ ማሰራጫ ጣቢያ ነው። ኖርዌዮች ይህን ዓይነቱን ዝግጅት «ሳክተ ቴቬ» ይሉታል፤ ዝግተኛ ቴሌቪዥን እንደ ማለት ነው። መነሻው የባቡር ጉዞ ነበር። ከበርገን ኦስሎ የሚወስደው የባቡር መስመር መቶ ዓመት የሞላው በ2009 ነው፤ ቶማስ ሄሉምና ሩነ ሜክሌቡስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ካሜራ ባቡሩ ላይ አስረው ከሰባት ሰዓት በላይ የፈጀውን መንገድ ከነሙሉ ርዝመቱ አሳዩ። ያኔ የሀገሪቱ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህሉ ቢያንስ የተወሰነውን ክፍል አይቶታል። በሰኔ 2011 ሁርቲግሩተን በተባለው የባሕር ዳርቻ መስመር የምትሠራ መርከብ ከበርገን እስከ ሺርኬኔስ ያደረገችው የ134 ሰዓት ጉዞ በቀጥታ ተላለፈ። በ2013 የሀገሪቱ የቋንቋ ምክር ቤት «ሳክተ ቴቬ»ን የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው። በ2016 ደግሞ ኔትፍሊክስ የቦዩን ጉዞ ጨምሮ ጥቂቶቹን ለሌላው ዓለም አቀረበ።

ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ምስጋና ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ የተጣደፈ ዘመን፣ የደከመ አእምሮ፣ የሚያሳርፍ ውኃ። ምስጋናው ሐሰት አይደለም፤ ግን ስንፍና አለበት። ዝግታን እንደ ጤና አዳም ቅጠል ቆጥሮ ያሸታል፤ ከየት እንደ በቀለና ማን ውኃ እንዳጠጣው አይጠይቅም። ተረትና ምሳሌ እንኳ በዚህ ረገድ ጠንቀቅ ይላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል የሚመሰገነው መዘግየቱ አይደለም፤ እግሩ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውም የሚያሳስበው የሚፈሰው እህል ነው። በሁለቱም ዘንድ ዝግታ ወደ አንድ ነገር ይወስዳል። ዝግታን ለራሱ ለዝግታ ብሎ መውደድ ግን አዲስ ፍቅር ነው፤ ይህን ፍቅር የሚችለውም ሁሉም ሰው አይደለም።

የቦዩ ታሪክ ራሱ ምስጋናውን ይቃወማል። ሺየንን ከኖርሼ ሐይቅ ጋር የሚያገናኘው የመጀመሪያው ክፍል በ1861፣ እስከ ባንዳክ ሐይቅ የሚዘልቀው ሁለተኛው ክፍል በ1892 ሲከፈቱ፣ ቀስ ብለን እንዝናና ያለ ሰው አልነበረም። ግንዱ ወደ ባሕር፣ ሸቀጡና መንገደኛው ወደ ተራራው ቶሎ እንዲደርስ ነበር። ቦይ የዘመኑ ጥድፊያ ነው። ዝግተኛ የሆነው በኋላ፣ ባቡርና መኪና ቀድመውት ሲያልፉ ነው። ዛሬ በመርከቧ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ጎብኚ የሚያጣጥመው ጸጥታ የተሸናፊ ጸጥታ ነው።

በእንግሊዝ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። እዚያ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከተቆፈሩት ቦዮች ብዙዎቹ ጠባብ ናቸው። ጀልባዎቹም ወርዳቸው ሁለት ሜትር ከጥቂት ብቻ ሆኖ ርዝመታቸው ሃያ ሜትር ያልፋል፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ውኃ ላይ የተጋደመ እርሳስ ይመስላሉ። ድንጋይ ከሰል ይጭኑ ነበር። ባቡር መጥቶ የጭነቱን ዋጋ ሲሰብረው ብዙ ጀልባ ነጂዎች በየብስ ቤት መያዝ አቃታቸው፤ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በጀልባው ጭራ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል መኖር ጀመሩ። ዛሬ ለጎብኚ በሚሸጥ ባልዲና ማንቆርቆሪያ ላይ የሚሣሉት ጽጌረዳና ግንብ ከእነዚያ ክፍሎች ጌጥ የተቀዱ ናቸው። ኤል ቲ ሲ ሮልት በ1939 «ክሬሲ» በተባለች ጀልባው እነዚህን ቦዮች ዞረ፤ በጉዞው ላይ የተመሠረተው «ናሮው ቦት» የተባለው መጽሐፉ በ1944፣ ጦርነቱ ሳያበቃ ታተመ። ሮልት ያዘነው እየሞተ ላለ ሙያ ነበር። መጽሐፉ ያስከተለው ግን ሌላ ሆነ፤ በ1946 ቦዮቹን ለማዳን ማኅበር ተቋቋመ፣ ቦዮቹም ዳኑ፣ ሠራተኞቹ ግን አልዳኑም። የዳነው መዝናኛው ነው። ለአንድ መጽሐፍ ከዚህ የባሰ ድል ማሰብ ያስቸግራል።

በግንቦት 2015 ቢቢሲ የኖርዌዮቹን መንገድ ተከትሎ የራሱን የቦይ ጉዞ አሳየ። በኬኔትና ኤቨን ቦይ፣ ከባዝ ከተማ እስከ ደንደስ የውኃ ድልድይ፣ ሁለት ሰዓት ሳይቆራረጥ። ተራኪ የለውም፤ ስለ ቦዩ የሚነገረው መረጃ በድልድዩ ድንጋይና በውኃው ገጽ ላይ የተጻፈ መስሎ ብቅ ይልና ይጠፋል። እጅግ ያማረ ነው፤ ጉድለቱም ማማሩ ነው። የእንግሊዞቹ ካሜራ ሙዚየም ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። በዳር የሚያልፈው እግረኛና ባለ ብስክሌት ለሥዕሉ ማሟያ ነው። የኖርዌዮቹ ግን ከባቡሩ ይልቅ በሁርቲግሩተን የተማሩት አንድ ነገር አለ፦ ሰው ካሜራው እንደሚመጣ ሲያውቅ ዝም ብሎ አይጠብቅም። በየወደቡ ባንዲራና የሙዚቃ ጓድ ይዞ ወጣ፤ በትንንሽ ጀልባ ተከትሎ ሄደ፤ ንግሥት ሶንያ ሳትቀር ከንጉሣዊው መርከብ ላይ ሆና እጇን አውለበለበች። ሥራውን የደረሱት ባለ ካሜራዎቹ ብቻ መሆናቸው እዚህ ላይ አበቃ። በምስል ጥራትም ሆነ በልክ የእንግሊዞቹ ይበልጣል፤ በሕይወት ግን የኖርዌዮቹ ያሸንፋል። ሻካራነቱ ያስከበረው ሥራ ነው።

«ምንም አልተቆረጠም» የሚለው ኩራት ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። በበርገኑ ባቡር መንገድ ላይ 182 ዋሻ አለ፤ ባቡሩ ጨለማ ውስጥ በገባ ቁጥር አዘጋጆቹ ከማኅደር ያወጡትን የድሮ ፊልም ያስገቡ ነበር። ጨለማው ተቆርጧል ማለት ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም የዚያ ሥራ ምርጥ ሐሳብ እርሱ ነው፤ ነገር ግን ዝግታም እንደ ማንኛውም ድርሰት የሚመረጥ፣ የሚሰፋና የሚተኮስ መሆኑን ያሳያል።

በቦዩ ጉዞ ውስጥ ዝግታው እውነተኛ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ ስሙ ቭራንግፎስ ነው። ቦዩ ከባሕር ወለል 72 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ መርከብ ደግሞ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ስምንት ቦታ በድንጋይ የታነጹ፣ ከፊትና ከኋላ ግዙፍ መዝጊያ ያላቸው ገንዳዎች ተሠሩ፤ በጠቅላላው 18 ናቸው። መርከቧ ትገባለች፤ ከኋላዋ ይዘጋል፤ ከላይ ውኃ ይለቀቃል፤ ገንዳው ሲሞላ መርከቧም አብራ ከፍ ትላለች፤ የፊቱ ይከፈታል። ቭራንግፎስ ላይ እነዚህ ገንዳዎች አምስት ሆነው እንደ ደረጃ ተደራርበዋል፤ መርከቧን 23 ሜትር ያነሷታል። ይህን ለመሥራት ከ1887 እስከ 1892 እስከ 500 የሚደርሱ ሰዎች ዓለት ሲፈልጡ ኖረዋል። መዝጊያዎቹን ዛሬም የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሰዎች ናቸው፣ በእጃቸው፣ እንደ ጥንቱ።

እዚህ ላይ የመርከቧ ጉዞ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይይዛል፤ ተመልካቹም አብሮ ይያዛል። ከቀረው ጉዞ የሚለየው ይህ ነው። በሐይቁ ላይ መርከቧ ዝግ የምትለው የሚያጣድፋት ስለሌለ ነው። በገንዳው ውስጥ ግን ዝግ የምትለው አንድ ሰው መዘውር እያዞረ ስለሆነ ነው። ካሜራው ይህን ሰው ያየዋል፤ ግን እንደ ማንኛውም የዳር ትዕይንት ያየዋል፣ እንደ ጥዱ፣ እንደ ቤቱ። ዝግተኛ ቴሌቪዥን ትልቁ ድክመቱ ይኸው እኩልነቱ ነው። ሁሉን እኩል ስለሚያይ ሠራተኛውንና መልክዓ ምድሩን አይለይም።

ይህን ልዩነት ጠንቅቆ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሥራ አለ። ኃይሌ ገሪማ በ1974 ቀርጾ በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ፊልም ነው። ገበሬው ሲያርስ ካሜራው አይቸኩልም፤ ሴቲቱ ሸክሟን ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ዳገቱ እስኪያልቅ ይጠብቃታል። ባላባቱ ግን ኮፍያውን ደፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም ዝግተኞች ናቸው። አንደኛው ዝግታ ጉልበት እስኪያልቅ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተወሰደ። ፊልሙን ሲያዩ መሰልቸት ይመጣል፤ ያ መሰልቸት ግን ተመልካቹን ይከሰዋል፣ አያሳርፈውም። ከቦዩ ጉዞ ጎን ቢታይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ትዕግሥት እየጠየቁ ለየቅል ዋጋ እንደሚከፍሉ ይገባል።

ረጅም ነገርን ሳያሳጥሩ መቀበል ለአማርኛ አድማጭ እንግዳ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰዉ ከሳምንት ሳምንት ጠብቋል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ረጃጅም ምልልሶች ይጠሩልን ያለ የለም። ግን እዚያ አድማጩ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ላይ የሚደርሰው ይደርሳል፤ ርዝመቱ ጥፋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የቦዩ ጉዞ ከዚህ የሚለየው ጥፋት አለመምጣቱን ቃል በመግባቱ ነው። ተመልካቹ ዓይኑን ቢጨፍን፣ ወጥ ሊያማስል ቢነሣ፣ ተኝቶ ቢነቃ ያመለጠው ነገር የለም። የሥራው ውል ይህ ነው፦ ምንም አይደርስም።

ውሉ የተገባበትን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። የሁርቲግሩተን ጉዞ በሰኔ 2011 አበቃ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011፣ ኦስሎ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ቦምብ ፈነዳ፤ ከዚያም በዑተያ ደሴት የወጣቶች ካምፕ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ 77 ሰዎች ተገደሉ። የቦዩ ጉዞ የተላለፈው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በፊልሙ ውስጥ ስለዚህ የሚናገር ነገር መፈለግ አያስፈልግም። ነገር ግን ያ ሕዝብ በዚያ ዓመት ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም የማይደርስበትን ውኃ ለማየት መቀመጡ ከድካም ማረፍ ብቻ ነው ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። ጸጥታው እንደ ጥዱ ከመሬት የበቀለ ሳይሆን ሊሰበር የሚችል፣ ተሰብሮም የታየ ነገር ነበር።

በዚያው በ2012፣ በጥር ወር፣ የኖርዌይና የኢትዮጵያ መንግሥታት ጥገኝነት የተከለከሉ ኢትዮጵያውያንን ወደ ሀገር የመመለስ ስምምነት ተፈራረሙ። ካምፕ ውስጥ ሆኖ ውሳኔ ለሚጠብቅ ሰው የሳሎኑ ቴሌቪዥን ይህንኑ ጣቢያ ይስባል፤ መርከቧም በፊቱ ታልፋለች። ለእርሱም ምንም አይደርስም። የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ አይደርስም፤ ደብዳቤ አይደርስም፤ የደረሰ እንደሆነ ደግሞ ባይደርስ ይሻል የነበረ ሊሆን ይችላል። የመርከቧ መንገደኛ ዳለን ሲደርስ በ1894 የተሠራው የእንጨት ሆቴል ይቀበለዋል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ከቲኬቱ ላይ ያውቀዋል። ዝግታን ደስ የሚያሰኘው የሚያልቅበት ሰዓት መታወቁ ነው። ይህ ከሌለ ስሙ ዝግታ አይባልም፤ መጉላላት ይባላል። ዝግተኛ ቴሌቪዥንን የሚያወድሱ ሰዎች ሁለቱን የሚለይ ቃል ያስፈለጋቸው አይመስልም።

ጥያቄው ሀገር ቤት ሲደርስ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ኢትዮጵያ የመርከብ ጉዞ ታሪክ የላትም የሚል ሰው ጋምቤላን ረስቷል። በ1902ቱ ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተሰጥቷቸው፣ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ ብቻ፣ እየወጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ወንዙ ሲጎድል የዘገየ መርከብ እዚያው ይቀራል፤ እዚያም ዝግታ በደስታ የተመረጠ አልነበረም። ወደ ሰሜን ከሄዱ ጣና አለ። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቀዛፊው ሌላ ማሰር አለበት። ለዓመታት ደግሞ በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ ጎርጎራ የምትገባ መርከብ ነበረች። እህል፣ ማገዶ፣ ዶሮ፣ ተሳላሚ፣ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ትጭናለች። «ጣና፣ ደቂቃ በደቂቃ» የሚባል ሥራ ቢኖር ከቴሌማርኩ አንድ ቀን ይረዝም ነበር።

የለም። ባለመኖሩ የቀረው ነገር ከውበት ይበልጣል። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያ ማለት «ቪክቶሪያ» በቴሌቪዥን ስትታይ አካባቢ። በዚያ ዓመት አንድ ሰው ካሜራውን በጣና መርከብ አፍንጫ ላይ አስሮ ሳይቆርጥ ቢቀርጽ ኖሮ፣ ሐይቁ ዳር ዳሩን ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ ደቂቃ በደቂቃ ይታይ ነበር። አሁን ደግሞ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት፣ መንገድ ተዘጋ የሚለው ወሬ የዕለት ወሬ ነው። ጎንደር ዘመድ ያለው የባሕር ዳር ሰው ከጉዞው የሚጠብቀው ትልቁ ነገር ምንም ሳይደርስበት መድረስ ነው። ለኖርዌዩ ተመልካች የዝግጅቱ መነሻ የሆነው ነገር ለእርሱ ስለት ነው።

የአማርኛ ዝግተኛ ቴሌቪዥን ግን ስም ሳይወጣለት ተፈጥሯል፤ የፈጠሩት ደግሞ ጣቢያዎች አይደሉም። መኪናቸው መስተዋት ላይ ስልክ ሰቅለው ከቦሌ መገናኛ፣ ከቸርቸል ጎዳና ፒያሳ እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚቀርጹ ሰዎች አሉ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ መብራት ላይ ይቆማል፤ ራዲዮ ይሰማል፤ ረዳት ከታክሲ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። ኦስሎ፣ ግሮንላንድ ሰፈር ያለ ሰው ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ይህን ከፍቶ ይተኛል። በሥነ ጥበብ መመዘኛ ቢለካ ከቢቢሲው ሁለት ሰዓት ጋር የሚወዳደር አይደለም። በ2024 መጀመሪያ ፒያሳ ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሲሄድ፣ እነዚያ ቪዲዮዎች ግን በአንድ ሌሊት ሌላ ነገር ሆኑ። ሰው መንገዱን ለማየት መክፈቱን ትቶ የጠፋውን ቤት ለመፈለግ ምስሉን ማስቆም ጀመረ። ፎቶግራፍ አንሺ የሚመርጠው ያማረውን ሕንፃ ነው፤ ሳይቆርጥ የሚቀርጽ ሰው ግን የእድር ድንኳኑን፣ የጫማ ጠጋኙን ጥላ፣ ዝገት የበላውን የቆርቆሮ አጥር ሁሉ ሳያስበው ይዞታል። ቭራንግፎስ ላይ ድክመት የነበረው እኩልነት እዚህ ላይ ብቸኛው ብርታት ነው፤ የትኛው ጥግ እንደሚናፈቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና።

ኤን አር ኮ የበርገኑን ባቡር ቀረጻ ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት በነፃ ለቅቆታል፤ ይህን ማድረግ የቻለው ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የሚኖር ተቋም ስለሆነ ነው። እስከ 2019 መጨረሻ ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ ሁሉ በየዓመቱ ይከፍል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከግብር ይወሰዳል፤ ከከፋዮቹ መካከል የኦስሎ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። የፒያሳን አንድ ሰዓት የያዘው ቀረጻ ግን በአንድ ሰው የይለፍ ቃል ሥር ነው ያለው። ያ ሰው ስልኩ ቢጠፋበት፣ ገጹ ቢዘጋበት ወይም ቢሰለቸው፣ ከቸርቸል እስከ ጊዮርጊስ ያለው መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ይፈርሳል።